ድካም መልእክት ነው፦ ስለ ጡንቻችን ጓዳና ስለ ቁልፉ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው «ለአባላት የሚጠቅም የጤና ትምህርት አዘጋጂ» ብሎ ሲያዘኝ ስለ ምግብ ወይም ስለ ንጽሕና የምናገር መስሎት ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት በጡንቻችን ውስጥ ስላለች አንዲት ጥቃቅን ሠራተኛ ነው። ምክንያቱም ከእኔ ንግግር ቀጥሎ ሦስት የውሳኔ ሐሳቦች ለድምፅ ይቀርባሉ፦ የውኃ ጋሪ መግዛት፣ ነፍሰ ጡርና አራስ አባላትን ከሸክም ማሳረፍ፣ የስኳር ምርመራ ቀን ማዘጋጀት። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ሸክም በሥጋችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ብናውቅ ጥሩ ነው። ብዙ ዓመት የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ነገሩን በራሳችን ጓዳ ዕቃ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ከብቅል እንጀምር። ጠላ የምትጠምቁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ገብሱ ካልበቀለ ጠላው ጠላ አይሆንም። ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች ይፈጠራሉ፤ እነሱም የእህሉን ዱቄት እየቆራረጡ ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጣፋጭነቱ ከዚያ ይመጣል። ኢንዛይም የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። በሰውነታችን ውስጥም በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች አሉ።

ነገር ግን በብቅሉና በጡንቻችን ሠራተኛ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የብቅሉ ኢንዛይም ውኃና ሙቀት እስካገኘ ድረስ የፊቱን ዱቄት መቁረጡን አያቆምም። «ይበቃል» የሚለው የለም። የጡንቻችን ሠራተኛ ግን መቼ መጀመርና መቼ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን እንዴት እንደምታውቅ ነው።

ጡንቻችን የራሱ ጎታ አለው። የበላነው እንጀራ፣ ገንፎ፣ ድንችና በቆሎ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ውስጥ የተረፈው በጡንቻና በጉበት ውስጥ እርስ በርሱ ተቀጣጥሎ ይከማቻል። ይህ ክምችት ግላይኮጅን ይባላል። የአንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው ጡንቻዎች ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው ወደ 400 ግራም ገደማ ይይዛሉ፤ ጉበት ደግሞ 100 ግራም ገደማ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ዳገት የምንወጣው፣ እንሥራ የምናነሳው፣ ሙቀጫ የምንወቅጠው በዚህ ነው።

ከጎታው እየቆነጠረች ስኳሩን የምታወጣው ሠራተኛ ፎስፎሪሌዝ ትባላለች። ሌት ተቀን ያለ ልክ ብታወጣ ጎታው በከንቱ ያልቃል። በሚያስፈልግ ጊዜ ባታወጣ ደግሞ ጡንቻው ዳገቱ መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቁልፍ ያስፈልጋታል።

ቁልፉን ለመረዳት ስለ ጡንቻ የኪስ ገንዘብ ማወቅ አለብን። ጡንቻ የሚያወጣው ገንዘብ ኤቲፒ ይባላል። ኤቲፒ ሦስት ሳንቲም እንደያዘች ሴት አስቧት። ጡንቻው አንድ ጊዜ ሲኮማተር አንዱን ሳንቲም ትከፍላለች፤ ሁለት ይቀራታል። ያን ጊዜ ስሟ ኤዲፒ ይሆናል። በጡንቻ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ኤቲፒ በሙሉ ኃይል ለሚሠራ ሰው የጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲበረታ ባለ ሁለት ሳንቲሞቹ ይበዛሉ። ያኔ አንድ የሚያስገርም ነገር ይሆናል፦ ሁለት ኤዲፒዎች ይገናኙና አንዷ ለሌላዋ አንድ ሳንቲም ትሰጣለች። ሁለትና ሁለት የነበሩት ሦስትና አንድ ይሆናሉ። ባለ ሦስቷ እንደገና ኤቲፒ ሆና ወደ ሥራ ትመለሳለች። አንድ ሳንቲም ብቻ የቀረቻት ደግሞ ኤኤምፒ ትባላለች።

የዚህች ባለ አንድ ሳንቲም ሴት ነገር ልብ በሉልኝ። ያላትን ሰጥታ ባዶ እጇን ልትቀር ምንም ያልቀራት ናት። ነገር ግን መልእክተኛዋ እሷ ናት። ጡንቻው ባረፈበት ጊዜ የኤኤምፒ ቁጥር በጣም ጥቂት ነው። ኤቲፒ ትንሽ ሲቀንስ ኤኤምፒ በብዙ እጥፍ ትጨምራለች። ችግሩ ገና ትንሽ ሳለ ድምፁ ትልቅ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ኤኤምፒ ሄዳ ፎስፎሪሌዝ ላይ ትቀመጣለች። የምትቀመጠው ግን ስኳሩ በሚቆረጥበት በመሥሪያ አፏ ላይ አይደለም፤ ከዚያ ራቅ ባለ በጎኗ በኩል ባለ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ስትቀመጥ የኢንዛይሟ ቅርጽ በጥቂቱ ይለወጣል፤ በዚያ ማዶ ያለው አፍ ይከፈታል። የበር መቀርቀሪያ ከወዲህ ሲሳብ በዚያ በኩል ያለው መዝጊያ እንደሚላቀቅ ማለት ነው። ጡንቻው ሲያርፍና ኤቲፒ ሲበዛ ደግሞ ኤቲፒዋ ራሷ ያችኑ የጎን ቦታ ትይዝና በሩ ይዘጋል። ከጎታ ወጥቶ ገና ያልተሠራበት ስኳር ሲጠራቀምም እንዲሁ ይዘጋል። ሞሰቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ ማንም ሴት ሌላ ሊጥ አትጋግርም።

ሳይንቲስቶች ይህን አሠራር አሎስቴሪክ ይሉታል። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ «ሌላ ቅርጽ» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ፈረንሳዮቹ ዣክ ሞኖና ፍራንሷ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ነገሩ ራሱ ግን ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ የታየው በአንዲት ሴትና በባሏ እጅ ነበር፤ ስለ እሷ ላውራችሁ።

ጌርቲ ኮሪ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1896 በፕራግ ከተማ ተወለደች፤ ሐኪም ሆነች፤ ከባሏ ከካርል ኮሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ሄደች። ሁለቱም የተማሩት አንድ ዓይነት ትምህርት ነው፤ የሚሠሩትም አንድ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ባሏን ሲጠሩ እሷን አይፈልጓትም ነበር። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከሚስቱ ጋር መሥራቱን ካላቆመ እንደማይቀጥረው ነግሮታል። በሴንት ሉዊስ ከተማ ሥራ ሲያገኙ እሱ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እሷ በረዳት ተመራማሪነት ስምና በትንሽ ደሞዝ ተቀጠረች። በዚያ ሁኔታ እያለች ነው ከእንቁራሪት ጡንቻ ተነስተው የፎስፎሪሌዝን ሥራ ያገኙት፤ ኤኤምፒ ሲጨመርባት እንደምትነቃም ያዩት። እ.ኤ.አ. በ1947 ባልና ሚስቱ የኖቤል ሽልማት አገኙ። በሕክምና ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ጌርቲ ናት። ሙሉ ፕሮፌሰርነት የተሰጣትም ያኔ በ1947 ነው። ሥራዋ ለብዙ ዓመት እኩል ነበር፤ ሚዛኑ ግን እኩል አልነበረም። ይህ ታሪክ ለእኛ አዲስ ነው የምትል አባል ካለች እጇን ታውጣ።

ፎስፎሪሌዝ ሁለተኛ ቁልፍም አላት። ማታ ከገበያ ስትመለሱ ጅብ ብታዩ ሰውነታችሁ የኪስ ገንዘቡ እስኪጎድል አይጠብቅም። ድንጋጤ በደም በሚልከው አድሬናሊንና ነርቭ ለጡንቻ በሚያስተላልፈው ትእዛዝ ኢንዛይሟ ላይ ምልክት ይታተምባትና ኤኤምፒ ባትመጣም በሩ ይከፈታል። ይህን ያገኙት ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ያ ዓመት ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችበት ዓመት ነው። በመጨረሻዎቹ ዙሮች እግሯ ውስጥ ሁለቱም ቁልፎች ክፍት ነበሩ ማለት እንችላለን።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ በዓይን ይታያል ወይ?» የምትል ካለች፣ ቅርጫ ላይ ይታያል እላታለሁ። ለፋሲካ በሬ ከሩቅ ገበያ ተገዝቶ፣ ሲነዳ ውሎ፣ ሳይበላ ሳያርፍ ቢታረድ ሥጋው ይጠቁራል፤ ይደርቃል፤ ቶሎም ይበላሻል። ምክንያቱ ይህ ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ ጡንቻው አየር ያጣል፤ ኤቲፒ ይጎድላል፤ ኤኤምፒ ትበዛለች፤ ፎስፎሪሌዝ ጎታውን ትከፍታለች። የወጣው ስኳር ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ማለት ነው። ሥጋው ደማቅ ቀይ የሚሆነውና የሚቆየው በዚህ አሲድ ነው። የደከመ በሬ ጎታ ግን አስቀድሞ ባዶ ነው። በሩ ቢከፈትም የሚወጣ ነገር የለም። የጡንቻው ጎታ መልሶ እስኪሞላ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። አባቶቻችን «በሬው ይረፍ፣ ይቀለብ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ለበሬ የምናውቀውን ለሴት እንወቅላት።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት ውኃ በግቢያቸው ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች በ7ቱ ውኃ የሚቀዱት በዋናነት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። በእኛ ገጠር ያለውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጠዋት ውኃ፣ ቀጥሎ እንጨት፣ ቀጥሎ ወፍጮ፣ ቀጥሎ አረም። የተሟጠጠ የሰው ጡንቻ በቂ ምግብ ቢያገኝ እንኳ ጎታውን ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። እኛ ቤት ግን ሴቲቱ የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ የቀረውን ነው። ጎታው ሳይሞላ ይነጋል። ከዚያ «ዛሬ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ስትል «ሰነፈች» ትባላለች።

ድካም ስንፍና አይደለም፤ መልእክት ነው። በእንግሊዝ አገር ብራያን ማካርድል የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ አንድ የ30 ዓመት ሰው ጻፈ። ሰውየው ትንሽ ሲሠራ ጡንቻው ያመዋል፣ ይደርቅበታል። ሲመረመር ጡንቻው እየሠራ ላክቲክ አሲድ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1959 እንዲህ ባሉ በሽተኞች ጡንቻ ውስጥ ፎስፎሪሌዝ ራሷ እንደሌለች ታወቀ። ጎታቸው ሙሉ ነው፤ ከፋቿ የለችም። ይህ በሽታ ብዙ ሰው አይይዝም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው፦ ደከመኝ ያለ ሰው ሁሉ ከመሰደቡ በፊት መጠየቅ አለበት። በልታለች ወይ? ተኝታለች ወይ? ደም አንሷታል ወይ? ነፍሰ ጡር ናት ወይ?

አንድ ነገር ልጨምር። የጉበት ጎታና የጡንቻ ጎታ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጉበት እንደ እድር ነው፤ ያለውን ስኳር ወደ ደም አውጥቶ ለአንጎልም ለሌላውም ያድላል። ጡንቻ ግን ስኳሩን ወደ ደም የሚያወጣበት መሣሪያ የለውም፤ ያለው ለራሱ ብቻ ነው። ከምግብ ስንከለከል የሚያቆየን ጉበት ነው፤ የእሱም ክምችት በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ማለቁ ይደርሳል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለባችሁና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ እህቶች፣ ጾም ሲገባ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ስኳራችሁን ከልክ በታች አውርዶ ሊጥላችሁ ይችላል። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆምም እንዲሁ አደገኛ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የነፍስ አባታችሁንም አማክሩ።

አሁን ወደ ከተማ አባሎቻችን ልምጣ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሱቅ ውስጥ፣ በርበሬ መሸጫ ላይ፣ ቡና ጀበና አጠገብ ቀኑን ሙሉ የምንቀመጥ ብዙ ነን። የእኛ ጎታ ሞልቶ ይውላል፤ የሚከፍተው የለም። የሞላ ጎታ ደግሞ አዲስ ስኳር የመቀበል ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። ሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ግን ኢንሱሊንን እንኳ ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይስባል። ኤኤምፒን የምታነብ ሌላ ኢንዛይም አለች፤ የስኳር መግቢያ በሮች እንዲከፈቱ ከሚያግዙት አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው።

አያችሁ እህቶቼ፤ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሆነን የአንዷ ጓዳ አይሞላም፣ የሌላዋ ጓዳ አይከፈትም። ኢንዛይሟ አንድ ናት፤ የተበላሸው የሸክሙ ክፍፍል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስለ ሦስቱ የውሳኔ ሐሳቦች የእኔን ሐሳብ ልናገር።

አንደኛ፣ የውኃ ጋሪ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ጀሪካን በጀርባው ከሚሸከም ሰው ጋር አንድ ዓይነት ድካም አይደክምም፤ በአንድ ጉዞም ብዙ ጀሪካን ይመጣል። ደጋፊዎቻችን «ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። መልሳችን ጋሪ ቢሆን አትናቁት። ጋሪውን የሚጠቀሙ አባላት ለጥገናው በየወሩ ጥቂት እንዲያዋጡ ይሁን፤ ያለ ባለቤት የቀረ ዕቃ አይከርምም።

ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ አባላት ከከባድ ሸክም እንዲያርፉ። ውኃቸውን ጎረቤት ያሉ አባላት በተራ ያምጡላቸው። ተራው በመዝገብ ይያዝ፤ በይሉኝታ አይተው። ባሎችና ወንዶች ልጆችም ጋሪ ለመግፋት ጉልበት አላቸው፤ የእነሱም ጡንቻ ጎታ አለው።

ሦስተኛ፣ የስኳር ምርመራ ቀን። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረን አባላት ደማቸውን የሚታዩበት አንድ ቀን ይያዝ። በዚሁ ላይ አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ፦ የከተማ አባላት ቁጠባ ለመሰብሰብ ቅርብ ወዳሉ ቡድኖች ስንወጣ በባጃጅ መሄዳችንን ትተን በእግራችን እንሂድ። የባጃጁ ሒሳብ ወደ ጋሪው ሣጥን ይግባ።

አራተኛም አለ፤ ይህ ግን ድምፅ አይሰጥበትም፣ ቤት ውስጥ የሚወሰን ነው። ከሸክም የተመለሰች ሴት መጀመሪያ ትብላ። ቁራሽ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ገንፎ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ቢሆንም ሌላውን ከማቅረቧ በፊት ትቅመስ። ልጆቻችሁ ይህን ሲያዩ ይደጉ።

ጡንቻችን አንድ ሳንቲም የቀረቻትን መልእክተኛ ሰምቶ ጎታውን ይከፍታል። ማኅበራችንም ሣጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ መስማት ያለበት አንድ ሳንቲም የቀረቻትን ነው። ሰብሳቢያችን ወደ ድምፅ መስጫው ይምሩን።